ኮሎኖስኮፒን ለፈሩ፦ ሌላ መላ አለ ወይ?

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ አብዛኞቹ ከእምብርት በታች ናቸው። ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰርና ስለ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁ አንጀት ስለሚታይበት ምርመራ ነው የጠየቃችሁት፤ ከሐዋሳም ከአዳማም። እንደተለመደው ስም አንጠራም። ሰፈርና ዕድሜ ይበቃል።

«ዕድሜዬ 53 ነው። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ እኖራለሁ፣ መምህር ነኝ። አሜሪካ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሐኪሙ በፖስታ ሳጥን ልኮለት ሰገራውን አድርጎ መለሰና በዚያው አለቀለት። እኔን ግን እዚህ አንድ ሐኪም "ዕድሜህ ገፍቷል፣ ኮሎኖስኮፒ ብትነሳ ጥሩ ነው" አለኝ። ምንም አያመኝም። እውነቱን ለመናገር በዚያ በኩል ካሜራ ሊገባብኝ ነው ብዬ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። የወንድሜ ዓይነት ምርመራ ለእኔ አይሆንም?»

ጋሼ፣ ባለቤትዎ ይሳቁ፣ ግን ብቻዎን አይደሉም። ምንም የማይፈራ ወንድ እዚህች ላይ ሲደርስ ቀጠሮ ያራዝማል። «ከበዓል በኋላ» ይላል። ከዚያ ሌላ በዓል ይመጣል።

ከደብዳቤዎ ትልቁ ነገር «ምንም አያመኝም» ያሉት ነው። ደም አላየሁም፣ አልከሳሁም፣ የሽንት ቤት ልማዴ አልተቀየረም፣ ከቤተሰብም በዚህ በሽታ የታመመ የለም ማለትዎ ከሆነ፣ አዎ፣ ሌላ መንገድ አለ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ግን እስከ እዚህ ያነበቡት ይበቃል፤ ወደሚቀጥሉት ጥያቄዎች ይለፉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር በአብዛኛው የሚነሳው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ የሥጋ ጉብታ ነው። ፖሊፕ ወደ ካንሰር የሚለወጠው ሁሌም አይደለም፤ ሲለወጥም ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። አያምም። አንዳንዴ ግን በዓይን የማትታይ ጥቂት ደም ያንጠባጥባል። የሰገራ ምርመራዎቹ የሚያድኑት ይችን ደም ነው።

የወንድምዎ ሳጥን ኮሎጋርድ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቀደው። ደምም ይፈልጋል፣ ከካንሰርና ከፖሊፕ የሚረግፍ የተለወጠ ዲኤንኤም ይፈልጋል። በየ3 ዓመቱ ይደገማል። ናሙናው በጥቂት ቀን ውስጥ እዚያው አሜሪካ ያለው የኩባንያው ላቦራቶሪ መድረስ ስላለበት ለሐዋሳ ሰው አይሆንም። ወንድምዎ «ስመጣ ይዤልህ ልምጣ» ካሉ የሻንጣውን ቦታ ለጫማ ይተዉት።

ለእርስዎ የሚሆነው ቀለል ያለው ነው። ኤፍ አይ ቲ ይባላል። ሰገራ ውስጥ ያለ የሰውን ሄሞግሎቢን፣ ደምን ቀይ የሚያደርገውን ነገር፣ ብቻ ለይቶ የሚይዝ ምርመራ ነው። ጃፓን ከ40 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ለሕዝቧ ትሰጠዋለች፣ ኔዘርላንድና እንግሊዝም በየ2 ዓመቱ በፖስታ ቤት ለቤት ይልካሉ። የድሃ አገር መላ ነው ብለው እንዳይንቁት ነው ይህን የምነግርዎ።

ምን ያህል ይይዛል? በ2014 ወደ 10,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነጻጸረ ጥናት ወጥቶ ነበር። ካንሰር ካለባቸው 100 ሰዎች ኤፍ አይ ቲ 74 ያህሉን ያዘ፣ ኮሎጋርድ 92። ወደ ካንሰር ሊያመሩ ከተቃረቡት ፖሊፖች ግን ኤፍ አይ ቲ የያዘው ከ100 24 ያህሉን ብቻ ነው፣ ኮሎጋርድም 42። «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ሊሉ ነው። ዋጋው ድግግሞሹ ላይ ነው፤ ዘንድሮ ያልደማ ፖሊፕ በሚቀጥለው ዓመት ሊደማ ይችላል። ስለዚህ አንዴ ሠርተው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ የሚረሱት ምርመራ አይደለም። በየዓመቱ ነው። በስፔን ከ57,000 በላይ ሰዎችን ይዞ አንዱን ወገን ለኮሎኖስኮፒ፣ ሌላውን በየ2 ዓመቱ ለኤፍ አይ ቲ የጋበዘ ጥናት በ2025 ውጤቱ ሲወጣ፣ ከ10 ዓመት በኋላ በዚህ ካንሰር የሞቱት ሰዎች ቁጥር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። አንዱ ምክንያት ምን መሰለዎት? ኮሎኖስኮፒ ከተባሉት ይልቅ የሰገራ ምርመራ የተባሉት እሺ ብለው የመጡት ይበዛሉ። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ስፔንም አለ ማለት ነው።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ነገር መጣ። ላቦራቶሪ ሄደው «የሰገራ ምርመራ» ቢሉ የሚሠራልዎ በማይክሮስኮፕ አሜባና ጃርዲያ የሚፈለግበት ነው። ያ ስለ ካንሰር ምንም አይናገርም። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሠራው የሰገራ ምርመራም አይደለም። «ስቱል ሠርቼ ነጻ ነኝ» የሚል ሰው ስንት አለ! በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም የሚፈልገውን፣ ባለሙያዎቹ ኦከልት ብለድ የሚሉትን ነው የሚጠይቁት። እሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ አሮጌው በኬሚካል የሚሠራው ጓያክ እና ኤፍ አይ ቲ። የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ።

ምክንያቱም ጓያኩ የሰውን ደም ከበሬ ደም አይለይም። ቅዳሜ ጥሬ ሥጋ ቆርጠው ሰኞ ናሙና ቢሰጡ ባልደሙበት ፖዘቲቭ ሊሉዎት ይችላሉ። በተቃራኒው ብርቱካን ወይም የቫይታሚን ሲ እንክብል ካበዙ ያለ ደም ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ ለጓያክ ከቀይ ሥጋ፣ ከብርቱካንና ከቫይታሚን ሲ 3 ቀን ቀድመው ይታቀባሉ፣ ናሙናውንም ከሦስት የተለያዩ ሰገራዎች ይሰጣሉ። ከሥጋው አንጻር የጾም ሰሞን ሸጋ ጊዜ ነው። ለኤፍ አይ ቲ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፣ ክትፎዎን በልተው ይሂዱ።

አወሳሰዱ ቀላል ነው። የሽንት ቤቱ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ንጹሕ ፌስታል ወይም ጋዜጣ ያነጥፋሉ። ሽንት አይቀላቀልበት። ከክዳኑ ጋር የተያያዘች ዘንግ አለች፣ ጫፏ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ። ሰገራውን አራት አምስት ቦታ ላይ ወጋ ወጋ ያደርጉባታል፣ ጎድጓዷ ከሞላ በቃ፣ መዛቅ አያስፈልግም። ወደ ብልቃጧ መልሰው ጠቅ እስኪል ይዘጋሉ፣ ቀኑን ይጽፉበታል። ከዚያ ቶሎ ያድርሱ። ሙቀት ሄሞግሎቢኑን ያበላሸዋል፤ ያለው ደም የሌለ ይመስላል። በዚህ በእኛ ፀሐይ ብልቃጧን ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጠው ከተማውን ሲዞሩ እንዳይውሉ። በዚያው ቀን ማድረስ ካልቻሉ በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ፍሪጅ፣ ከምግብ ራቅ አድርገው። ባለቤትዎ እዚህ ላይ መሳቃቸውን ያቆሙ ይመስለኛል።

ፖዘቲቭ ቢሆንስ? ካንሰር አለ ማለት አይደለም። ኪንታሮትም ይደማል። እኛ አካባቢ ደግሞ አንጀት የሚያደማ ጥገኛ ተሕዋስ ሞልቷል፤ መንጠቆ ትል አለ፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ አሜባ አለ። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሰው የትል መድኃኒት ይወስድና ምርመራውን ይደግማል፤ ነጌቲቭ ይሆንለታል፣ «ተገላገልኩ» ይላል። አልተገላገለም። ፖሊፕ በየቀኑ አይደማም ብለን የለ? ትሉን ይታከሙ፣ ግን አንዴ ፖዘቲቭ ከሆነ ኮሎኖስኮፒው ግድ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ፖዘቲቭ ከሆነ ኮሎኖስኮፒ አልነሳም ያለ ሰው ከመጀመሪያው ሰገራውን ባይሰጥ ይሻለዋል፤ ጭንቀት ብቻ ነው የሚሸምተው።

ለፍርሃትዎም አንድ ነገር ልበል። ኮሎኖስኮፒ በማስታገሻ ወይም በማደንዘዣ ሲሠራ ብዙው ሰው የሚያስታውሰው ነገር የለም። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው። ነቅቶ «መቼ ነው የምትጀምሩት?» የሚል አለ። አንጀት የመበሳት አደጋ አለ፣ ግን ከ1,000 ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። ፖሊፕ ከተገኘ እዚያው ይቆረጣል፣ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ 10 ዓመት አይመለሱም። የሰገራው ምርመራ ያገኛል እንጂ አይቆርጥም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በኤፍ አይ ቲ እጀምራለሁ፣ በየዓመቱ በልደቴ ሰሞን።

«አዳማ ነው የምኖረው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከተወሰኑ ወራት ወዲህ ስትጸዳዳ ደም ታያለች። ኪንታሮት ነው ተብሎ ቅባት ተሰጣት፣ ሰፈር ውስጥም ቅጠል ቀብተውላታል። አሁን ይደክማታል፣ ደም ማነስ ተብላ የአይረን እንክብል ጀምራለች። ኮሎኖስኮፒው እንዳያንገላታት መጀመሪያ የሰገራ ምርመራውን ባሠራላትስ?»

እህቴ፣ አይሆንም። እናትሽን ለማሳረፍ ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን በዚህ መንገድ አይሆንም።

የሰገራ ምርመራው የተደበቀ ደም አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነው። የእናትሽ ደም መቼ ተደበቀ? በዓይኗ አይታዋለች። ፖዘቲቭ ቢልሽ የምታውቂውን ነገረሽ፣ ነጌቲቭ ቢልሽ ደግሞ በሐሰት አጽናንቶ ወራት ያስበላሻል። ቅድመ ምርመራ ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ነው። ምልክት ያለው ሰው የሚያስፈልገው የበሽታ ፍለጋ ነው፣ ለዚያ ደግሞ የኮሎኖስኮፒን ቦታ የሚተካ የለም።

ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፣ እሱም ብዙ ሰው ላይ አለ። ችግሩ ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰር አይይዘውም የሚል ሕግ የለም፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ፣ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። በዚህ ዕድሜ፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ ከአይረን እጥረት የመጣ ደም ማነስ ካለ ደግሞ «ደሙ በየት በኩል ሄደ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። እንክብል ብቻ መስጠት ቀዳዳውን ትቶ በርሜሉን መሙላት ነው።

መጀመሪያ አንድ ቀላል ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል። ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በጣቱ ፊንጢጣዋን ይመርምራት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ መሣሪያ አይፈልግም። ፊንጢጣ አካባቢ ያለ እብጠት በጣት ሊገኝ ይችላል። ሳያይ ሳይነካ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ቅባት የጻፈ ሰው ካለ፣ ሌላ ሐኪም ፈልጊ። እናትሽ ከወንድ ሐኪም ካፈሩ ሴት ሐኪም እንዲያይዋቸው ጠይቂ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር አጽፉ፣ ካልሆነ መድኑ አይሸፍንላችሁም። አዳማ ላይ ወረፋው ረዘም ካለ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅጠሉን ግን ዛሬውኑ አስቁሚ፣ ያቆስላል።

አይረኑ ሰገራዋን ሊያጠቁረው ይችላል፣ በዚያ አትደንግጪ። ሬንጅ የመሰለ፣ የሚጣበቅና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ፣ ወይም ራሷን አዙሯት ከወደቀች፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

«ሐዋሳ ባጃጅ እነዳለሁ፣ 33 ዓመቴ ነው። አባቴ በአንጀት ካንሰር በ49 ዓመቱ በሽታው ታውቆ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። እኔ ጤነኛ ነኝ። የሰገራውን ምርመራ በየዓመቱ ብሠራ ይበቃኛል? ሰዎች ገና ልጅ ነህ ይሉኛል።»

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር።

አንተ ከጋሼ የተለየህ ነህ። አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ከ60 ዓመት በታች ሆኖ በዚህ በሽታ ከታመመ፣ የሚመከረው ኮሎኖስኮፒ ነው፣ በየ5 ዓመቱ። የሚጀመረው በ40 ዓመት ነው፣ ወይም ዘመድህ በታወቀበት ዕድሜ ላይ 10 ተቀንሶ፣ ከሁለቱ በቀደመው። አባትህ በ49 ከሆነ ያንተ 39 ነው። ገና 6 ዓመት አለህ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ዕቁብ ብትገባበት ይደርሳል፣ እውነቴን ነው።

ሌላም ልጠይቅህ። የአባትህ ወንድም ወይም እህት፣ አያትህ፣ በአንጀት ወይም በማህፀን ካንሰር የሞተ አለ? ብዙ ሰው ከሆነ በዘር የሚተላለፍ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ምርመራው በ20ዎቹ ዕድሜ ሊጀመር ይገባል፤ ያኔ 39ን አትጠብቅም። የአባትህ የሐኪም ወረቀት ካለ ፈልገው፣ ባዮፕሲው (ከሰውነት ተቆርጦ የተመረመረው ናሙና) ላይ የተጻፈው ይጠቅማል። ወንድሞችና እህቶች ካሉህም ይህ ለእነሱም ነው።

ልጅ ነህ ለሚሉህ፣ ብላክ ፓንተር ፊልም ላይ የሠራው ቻድዊክ ቦዝማን በ2020 በዚሁ በሽታ ሲሞት 43 ዓመቱ ነበር። በወጣቶች ላይ እየጨመረ ስለመጣ አሜሪካኖቹ በ2021 የመጀመሪያውን የምርመራ ዕድሜ ከ50 ወደ 45 አውርደውታል። ደም ካየህ ግን 39 ምናምን የለም፣ በማግሥቱ ሐኪም ቤት ነህ።

«ነጋዴ ነኝ፣ 58 ዓመቴ ነው፣ ገንዘብ ችግር የለብኝም። ሙሉ ቼክአፕ ተሠርቶልኝ ሲኢኤ የሚባለው የካንሰር የደም ምርመራ ነጻ ሆነ። ይበቃል? ካልበቃ ሲቲ ስካን ልነሳ፣ ያኛውን ግን አልፈልግም።»

ሲኢኤው አይበቃም። እንዲያውም ለቅድመ ምርመራ አልተሠራም። ካንሰር ኖሮበት ሲኢኤው ከፍ የማይልበት ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ ገና ሲጀምር። ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው ደግሞ ካንሰር ሳይኖረው ከፍ ሊልበት ይችላል። ሥራው በሽታው የታወቀና የታከመ ሰው እንዳይመለስበት መከታተል ነው። በቼክአፕ ጥቅል ውስጥ ሲሸጥ ሳየው ይከነክነኛል።

ሌላ የደም ምርመራ በአሜሪካ በ2024 ተፈቅዷል፣ ሺልድ ይባላል። ከ100 ካንሰሮች 83 ያህሉን ይይዛል። አደገኛ ፖሊፖችን ግን ከ100 13 ብቻ። የካንሰር ምርመራው ትርፉ ገና ፖሊፕ ሳለ ማግኘቱ ስለሆነ፣ ለእኔ ገና አልበሰለም።

ሲቲው እውነተኛ አማራጭ ነው፣ ግን የተለመደው የሆድ ሲቲ ስካን አይደለም። ለትልቁ አንጀት ተብሎ የሚነሳ ሲቲ ኮሎኖግራፊ የሚባል ነው። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆኑ ፖሊፖችን ከ100 90 ያህሉን ያያል፣ በየ5 ዓመቱ ይደገማል፣ ማደንዘዣ የለውም። አሁን ደግሞ የማይወዱትን ልንገርዎ። አንጀት ማጽጃው እንደ ኮሎኖስኮፒው ነው። አንጀቱ እንዲነፋ አየር የሚገባበት ቀጭን ቱቦም በዚያው በኩል ነው የሚገባው። ነቅተው። አንድ ነገር ከታየ ደግሞ ለመቁረጥ ወደ ኮሎኖስኮፒው። የሚዋጥ ካሜራም አለ፣ ያም ማጽጃውን አያስቀርም፣ ናሙናም አይቆርጥም። አቅም ካለዎት በቀጥታ ዋናውን ቢነሱ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይድናሉ።

«የኮሎኖስኮፒ ቀጠሮዬ ሑዳዴ ላይ ዋለ። ምን ልብላ? ጾሙንስ?» (ሴት፣ 50 ዓመት፣ ሐዋሳ)

እንኳን ደፈርሽ እቴ። ከ2 እስከ 3 ቀን ቀድመሽ ፍሬ፣ ገለባና ልጣጭ ያለውን ሁሉ ተዪ። ተልባ በፍጹም፤ ፍሬው አንጀት ላይ ተለጥፎ ካሜራውን ይጋርዳል። ሰሊጥ፣ ቆሎ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቲማቲም ከነፍሬው፣ ጥቁር ጤፍ እንጀራም ይቅር። የጾም ቤት ይህ ሁሉ ሲወጣለት ባዶ ይመስላል፣ ግን ነጭ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ የተላጠ ድንች ቅቅልና ነጭ ዳቦ አለሽ። ከዋዜማው ጀምሮ የጠራ ፈሳሽ ብቻ፤ ውሃ፣ ሻይ ያለ ወተት፣ የተጣራ የአፕል ጭማቂ። ቀይ መጠጥ አትጠጪ፣ ደም ይመስላል።

ማጽጃው ብዙ ሊትር ነው፣ ግማሹን ማታ፣ ግማሹን ሌሊት ተነስተሽ ወይም በጠዋት ያስጠጡሻል። ቀዝቀዝ አድርገሽ ጠጪው፣ ጣዕሙ ይቀንሳል። ማታውን ከሽንት ቤት አትርቂ። በመጨረሻ የሚወጣው እንደ ሽንት ቢጫና የጠራ ከሆነ ጸድቷል። ድፍርስ ከሆነ ለነርሷ ሳትደብቂ ንገሪያት፣ በቆሸሸ አንጀት ላይ ፖሊፕ ይታለፋል። ውሃ በሰዓቱ ሳትጠጪ አትዋይ፤ ለጾሙ ሰዓት ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ለሕክምና ነው።

የአይረን እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ሳምንት ቀድመሽ አቁሚ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒትና የስኳር መድኃኒት ካለሽ ግን በራስሽ አታቁሚ፣ ሐኪምሽን ጠይቂ። ማደንዘዣው ስላለ በዚያ ቀን መኪና አትንጂ፣ ብቻሽንም አትመለሺ። ልጅሽ ወይም ጎረቤትሽ በር ላይ ትጠብቅሽ። አንዳንድ ቦታ የሚወስድሽ ሰው ከሌለ ቀጠሮውን ይሰርዙታል።